ባለ ቅርጽ የልደት ኬክ

ባለ ቅርጽ የልደት ኬክ የሚባለው በመኪና፣ በኳስ ሜዳ፣ በቢራቢሮ ወይም በልጁ ዕድሜ ቁጥር መልክ ተቆርጦና ተሸልሞ የሚቀርብ ኬክ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ ከኬክ ቤት ይታዘዛል፤ እቤታቸው የሚጋግሩትም ጥቂት አይደሉም። ትልቁን የልደት ኬክ «ቶርታ»፣ ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ» ማለታችን የጣሊያኖችን አሻራ ያስታውሳል፤ ፎርኖ በቋንቋቸው የዳቦ ምድጃ ነው። ድፎ ዳቦ ግን ቦታውን አለቀቀም፤ በብዙ ቤት ከቶርታው ጎን ተቀምጦ አብሮ ይቆረሳል።

አዲስ አበባ ላይ የሚጋግር ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረውን ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ሊጡ ሳይጸና በፍጥነት ይነፋል፤ ከዚያ መሃሉ ሰርጎድ ይላል። ጋጋሪዋ እጇን ትወቅሳለች፤ ጥፋቱ ግን ለቆላና ለጠረፍ አገር የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ መከተሏ ነው። መፍትሔው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚለውን ወደ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ማውረድ፣ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ መቀነስ፣ ወተቱን ወይም ውሃውን በጥቂት ማንኪያ መጨመርና የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ነው። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ይህን ያህል ማስተካከል አያስፈልግም። መብራት በመሃል ቢጠፋ የኦቨኑን በር አለመክፈት ይሻላል፤ የቀረው ሙቀት ሥራውን ሊጨርስ ይችላል።

ቅርጽ ለማውጣት ልዩ መጋገሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። ወርዳቸው እኩል የሆኑ፣ ለምሳሌ 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አንድ አራት ማዕዘንና አንድ ክብ ኬክ ካሉ ልብ ይወጣል፦ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነውን አራት ማዕዘን አንዱ ማዕዘኑ ወደ ታች እንዲያመለክት አዙሮ ማስተኛት፣ ክቡን ለሁለት ከፍሎ በላይኞቹ ሁለት ጎኖች ላይ መግጠም። ቢራቢሮ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ክቡ ኬክ ለሁለት ተከፍሎ ጀርባና ጀርባው ሲገናኝ፣ ማለትም የተቆረጠው ቀጥ ያለ ጎን ወደ ውጭ ሲዞር፣ ክንፍ ይሆናል። ስምንት ቁጥር መሃላቸው ክፍት የሆነ ሁለት ክብ ኬኮች ናቸው። ለአሻንጉሊት ቀሚስ ኬኩ እሳት በሚችል ጎድጓዳ ሳህን ተጋግሮ ይገለበጥና እግሯ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሻንጉሊት መሃሉ ላይ ትተከላለች።

ለመቅረጽ የሚሆነው ጠንከር ያለ የቅቤ ኬክ ነው፤ እንደ ስፖንጅ የሳሳው ቢላ ሲነካው ይፈረፈራል። ከልደቱ በፊት በነበረው ቀን ተጋግሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ኬክ በጥርሳም የዳቦ ቢላ በንጽሕና ይቆረጣል። ከዚያ ክሬሙ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ስስ ቅብ ፍርፋሪውን ይዞ እንዲያስቀር ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ገብቶ ሲጠነክር ሁለተኛው ይደረብበታል። ይህን የዘለለ ሰው ነጭ ክሬሙ ላይ የቡኒ ነጠብጣብ ሲለቅም ያመሻል።

የቅቤ ክሬም የተለመደው ልኬት ለአንድ እጅ የገበታ ቅቤ ሁለት እጅ የዱቄት ስኳር ነው። የሀገር ቅቤ፣ ለጋም ቢሆን፣ ሽታው ስኳሩን ስለሚያሸንፈው ለዚህ አይሆንም። የዱቄት ስኳር ያጣ ሰው ተራውን ስኳር በኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ይፈጨዋል፤ መፍጫው በደንብ ካልጸዳ ግን የአንድ ዓመቱ ሕፃን ክሬም የአቦል ጣዕም ይዞ ይመጣል። ቀለምን በተመለከተ ቀይና ጥቁር አስቸጋሪዎች ናቸው። ብዙ ቀለም ይፈልጋሉ፤ ሲያድሩም ይደምቃሉ። ስለዚህ ጥቁሩን ከነጭ ክሬም ሳይሆን ካካዎ ከገባበት ቡናማ ክሬም መጀመር ያዋጣል። ፈሳሽ ቀለም ሲበዛ ክሬሙን ያቀጥነዋል፤ ወፍራሙ ጄል ይመረጣል። ለኳስ ሜዳው ሣር አረንጓዴ የተነከረ የኮኮናት ፍርፍር ይበቃል። መሃሉ የሰረጎደ ኬክም እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል፦ ዙሪያው የተመልካች መቀመጫ ይሆንና ስታዲየም ይወጣዋል።

ልደቱ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ሲውል በኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ዘንድ የጾም ኬክ ይጋገራል። በእንቁላልና በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በወተት ፋንታ ውሃ ይገባል፤ ሊጡን የሚያነሣው ከኮምጣጤ ጋር የሚገናኘው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ከአትክልት ዘይት የተሠራ ተብሎ በሚሸጥ ክሬም ውስጥ የወተት ፕሮቲን ሊኖር ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። እንቁላል የሌለው ኬክ ሲቀረጽ ቶሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የመኪና ጎማና መስኮት ከማውጣት ይልቅ ልብ ወይም ቁጥር ቆርጦ ጌጡን በክሬሙ ላይ መጨረስ ይመረጣል።