የኢንዱስትሪ ሞተሮች የኢንሱሌሽን ብልሽት ክትትል

በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ኢንሱሌሽን የሚባለው ጥቅል ሽቦዎቹን እርስ በርሳቸውም ሆነ ከብረት ቀፎው የሚለየው ሽፋን ነው። ከኩሽኔታ ብልሽት ቀጥሎ ሞተሮችን በብዛት ከሥራ የሚያስወጣው የዚህ ሽፋን መዳከም ነው። ክትትሉም ድካሙን ጥቅሉ ሳይቃጠል በፊት ለማወቅ የሚደረግ ነው።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ሽፋኖች በሚችሉት ሙቀት ይመደባሉ፦ ምድብ ቢ 130፣ ኤፍ 155፣ ኤች 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ባለሙያዎች በሚሠሩበት ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። እርጥበት፣ አቧራ፣ ዘይትና ንዝረትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሞተሩ በኢንቨርተር (ፍጥነቱን በሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) የሚነዳና ኬብሉ ረጅም ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ጫፍ የሚንጸባረቀው የቮልቴጅ ምት እጥፍ ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ ጫናው የሚያርፈው በተለይ በጥቅሉ የመጀመሪያዎቹ የሽቦ ዙሮች ላይ ነው።

የተለመደው መመርመሪያ ሜገር፣ ማለትም ሽፋኑ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚከላከል በሜጋ ኦም የሚለካ መሣሪያ ነው። ሞተሩ ከመስመር ከተለየ በኋላ ከ1000 ቮልት በታች ለሚሠራው 500 ቮልት ዲሲ ይለቀቅበትና ንባቡ በአንደኛው ደቂቃ ይያዛል። በደህና ጥቅል ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ብዙም አይነሳም። ስለዚህ የ10ኛው ደቂቃ ንባብ ለመጀመሪያው ደቂቃ ይካፈላል፤ በአብዛኛው ከ2 በታች የሆነ ውጤት ጥርጣሬ ያሳድራል። ለአነስተኛ ቮልቴጅ ሞተር በ40 ዲግሪ ዝቅተኛው ገደብ 5 ሜጋ ኦም ነው። ትኩስ ሞተር ዝቅ ያለ ንባብ ስለሚሰጥ ሙቀቱን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ መመዝገብ ከንቱ ድካም ነው። ለዓመታት 50 ሜጋ ኦም ላይ ከጸናው ሞተር ይልቅ በአጭር ጊዜ ከ2000 ወደ 200 የወረደው ያሳስባል።

ሜገር ግን የማያየው ጉድ አለ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ሁለት ዙሮች ቢነካኩ ከቀፎው ጋር ያለው ሽፋን ደህና ስለሆነ ንባቡ ያማረ ይሆናል። በተነካካው ዙር ውስጥ ግን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) እየዞረ ሽቦውን ያከስለዋል፤ ከመስመሩ የሚሳበው ከረንት ብዙም ስለማይጨምር ብሬከሩ (ከመጠን ያለፈ ከረንት ሲኖር መስመሩን የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ቶሎ ላያቋርጥ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው በሦስቱ ፌዞች (የሞተሩ ሦስት የጥቅል ክፍሎች) ላይ ፈጣን የቮልቴጅ ምት ልኮ የሞገዶቹን ቅርጽ የሚያነጻጽር ምርመራ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ክትትልም አለ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ሞተሮች ላይ በሽፋኑ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች የሚፈጠሩት ብልጭታዎች በካፓሲተር አማካይነት ይደመጣሉ፤ በሌሎች ላይ ሦስቱን ገመዶች አንድ ላይ የሚከብብ የከረንት መለኪያ ወደ መሬት የሚሾልከውን ከረንት ይይዛል።

ቆመው የሚውሉ ተጠባባቂ ሞተሮች እርጥበት ስለሚስቡ ውስጣቸው ማሞቂያ ይገጠማል፤ በቆሙበት ሽፋናቸውን እየለካ ከገደብ ሲወርድ መነሳታቸውን የሚከለክል መሣሪያም አለ። ለእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ይሻላል፤ እሳት በተነሳበት ሰዓት ሞተሩ ቢቃጠልም ውሃውን መግፋት አለበት።