የሳይንስ ፊደል መቁጠር ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ ልጅ ሆነን። ቪዲዮ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበር፣ በጥቁር ጨርቅ የታፈነ መስኮት፣ ከፊት ትንሽ ቴሌቪዥን። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ባይገባንም ማን ማንን እንደሚያሳድድ ይገባናል። አንድ ቅዳሜ መኪና ገደል ገባ፤ ገና መሬት ሳይነካ አየር ላይ ቦግ ብሎ ፈነዳ። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። ከጎኔ የተቀመጠው የአይሱዙ ረዳት ብቻ አላፏጨም።

"ዝም ብለው ነው" አለ። "አባይ በረሃ ስንት የተገለበጠ መኪና አይቻለሁ። ይጨማደዳል እንጂ እንዲህ ሲፈነዳ አላየሁም።"

ያኔ ፊልም የሚያበላሽብን ሰው መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ተመልካች የሳይንስ ፊደል የቆጠረው እሱ ብቻ ነበር። ነዳጅ እንዲያው ዝም ብሎ አይፈነዳም። መትነን አለበት፤ ከአየር ጋር በልኩ መቀላቀል አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ብልጭታ ማግኘት አለበት። ረዳቱ ይህን በቃል አላጠናም። ያየውን ከሚያሳዩት ጋር አስተያየ፣ አልገጠመለትም፣ አልገጠመልኝም አለ።

ፊደል የቆጠረ የምንለው ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ነው። ፈረንጆቹ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሳይንስ ወሰዱት። ነገሩ በሰፊው መወራት የጀመረው በድንጋጤ ነው። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካኖች "ልጆቻችን ሳይንስ አያውቁም ማለት ነው" ብለው ተሸበሩ። በዓመቱ ፖል ሃርድ የሚባል የትምህርት ምሁር "ሳይንስ ሊትረሲ" (የሳይንስ ፊደል መቁጠር) በሚል ርዕስ ጽሑፍ አወጣ፤ ስያሜውም ከዚያ ወዲህ ተለመደ። በእኛ ቋንቋ "ሳይንሳዊ ንቃት" ወይም "ሳይንሳዊ ግንዛቤ" ልንለው እንችላለን። እኔ ፊደል መቁጠር የሚለው ይሻለኛል። ሁሉም ሰው ሳይንቲስት ይሁን አይደለም ነገሩ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አየር ንብረት ሲነገረው "ይህ እንዴት ታወቀ?" ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዘን መቻል ነው።

ጎጃም ላደገ ሰው ልዩነቱን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ያውቀዋል። ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይቀጥላል፣ ዳዊት ይደግማል። ግእዙን አንድ ፊደል ሳይስት ይወርደዋል። ምን ማለት ነው ብትሉት ግን ዝም ይላል። ትርጓሜ ሌላ ወንበር ነው፤ ብዙ ዓመት ይርቃል። እዚያ ሲደርስ መምህሩ "አንድም" እያሉ ለአንዱ ቃል ሁለት ሦስት ፍቺ ያወጡለታል።

እኛ ፊዚክስን የተማርነው እስከ ዳዊት ድረስ ነው። "ኤፍ ይሆናል ኤም ሲባዛ በኤ" እያልን ደገምን፣ ፈተና አለፍን፣ ወደ ቪዲዮ ቤት ሄድን። ትርጓሜ ያልገባበት ሳይንስ ይዘህ ፊልም ፊት ስትቀመጥ የሚያሳዩህን ሁሉ ትቀበላለህ።

ማስረጃው እኔው ነኝ። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ የድምፅ ደግሞ 340 ሜትር ገደማ መሆኑን ስምንተኛ ክፍል ሸምድጃለሁ። በፊልም ውስጥ መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓዱ እዚያው አብሮት ይጮሃል። አንድም ቀን አልከነከነኝም። በየክረምቱ ደግሞ ጮቄ ተራራ ላይ ሲያጉረመርም እየሰማሁ ነው ያደግኩት! ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው አንድ ጓደኛዬ ያስቆጠረኝ። ብልጭ ሲል በየሰከንዱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ ትጀምራለህ። ዘጠኝ ላይ ከጮኸ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ድምፅ አንዱን ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታልና። ሲቀጥል ስድስት ላይ ከጮኸ እየቀረበህ ነው፤ ከዛፍ ሥር ውጣና ቤት ግባ። ሁለቱ ቁጥሮች ደብተሬ ላይ ለዓመታት ተኝተው ነበር። ሕዋ ላይ መርከብ ሲፈነዳ የሚሰማው ጩኸትም ያው ነው። አየር በሌለበት ድምፅ የሚሳፈርበት የለውም። ይሁን፣ እሱ ማንንም አይጎዳም።

የሚጎዳውን ልንገራችሁ። የሰፈራችን ልጅ አባቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። የልብ ምት የሚያሳየው ማሽን ላይ ያለው መስመር ቀጥ አለ። ሐኪሞቹ የአባቱን ደረት በእጅ እየተጫኑ ቆዩ፤ በመጨረሻ አቆሙ። ልጁ ለዓመታት ቂም ያዘ። "ያንን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ለምን አላመጡም? አባቴን ችላ ብለው ገደሉብኝ" ይላል። የት አይቶት እንደሆነ ግልጽ ነው። በፊልም ውስጥ መስመሩ ቀጥ ሲል ሐኪሙ ሁለት ነገር ደረት ላይ ይለጥፋል፣ ሰውየው ከአልጋው ይነሣል፣ ልቡ ይመታል።

እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽን (ዲፊብሪሌተር) የሚያገለግለው ልብ ሥርዓቱን ስቶ ሲርገፈገፍ ነው። ሰርግ ቤት አሥር ከበሮ መቺ እያንዳንዱ በየፊናው ሲደበድብ አስቡት። አንዱ ተነሥቶ "ዝም በሉ!" ይላል፤ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ እኩል ይጀምራሉ። ማሽኑ የሚሠራው ይህንን ነው፤ የተበጠበጠውን ዝም ያሰኛል፣ ልብ በራሱ ምት እንዲጀምር። መስመሩ ቀጥ ሲል ግን ቤቱ ፀጥ ብሏል። ከበሮ የሚመታ የለም። ፀጥ ባለ ቤት "ዝም በሉ" ብሎ መጮኽ ምን ይፈይዳል? እዚያ ላይ የሚሞከረው ደረት መጫንና አድሬናሊን ነው፤ ሐኪሞቹ ሲያደርጉት የነበረውን ማለት ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አመነኝ ብዬ አልምልም።

ሌላው "የሰው ልጅ የሚጠቀመው ከአእምሮው 10 በመቶውን ብቻ ነው" የሚለው ነው። ባሕር ዳር አንድ የማነቃቂያ ንግግር ላይ ይህንን ሰምቼ አዳራሹ ሲያጨበጭብ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ወሬው ከፊልም ይቀድማል፤ በ2014 የወጣው ሉሲ የተባለው ፊልም ግን ታሪኩን ሁሉ የገነባው እዚህ ላይ ነው። አእምሮ ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ዘጠና በመቶው ሥራ ፈት የሆነ ነገር ይህን ያህል ይቀለባል? ትንሽ ቦታ ላይ ስትሮክ የመታው ሰው አንደበቱ ሲያዝ አይተን የለ? ያ "የማይሠራው" 90 በመቶ የት ሄዶ ነው? የሚያናድደኝ ደግሞ ስሙ ነው። ፊልሙ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን የእኛዋን ድንቅነሽን ራሷን እያሳየ ነው ይህን የሚያስተምረው።

ድንቅነሽ ካነሳን አይቀር፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ዲ ኤን ኤ (የዘር መረጃ ተሸካሚው) አልተገኘባትም። እስካሁን ከተገኘው ዲ ኤን ኤ ሁሉ ጥንታዊው ከግሪንላንድ የወጣው ሲሆን 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ጁራሲክ ፓርክ (1993) ላይ ግን ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፉትን ዳይኖሰሮች በሙጫ ውስጥ ከቀረች ትንኝ ደም ይፈለፍሏቸዋል። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ አሁንም ባየው አይሰለቸኝም። ዋናው አስፈሪ አውሬ ራሱ የጁራሲክ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ፍጥረት ነው። እውነተኛውን ጁራሲክ ማየት የፈለገ ከደጀን ወደ አባይ ይውረድ። ከላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ወረድ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ያ የባሕር ወለል ነበር፤ በጁራሲክ ዘመን። በረሃው ሲጀምር መስኮት ከፍተን "ሙቀቱ!" እያልን በአጠገቡ እናልፋለን።

ግን የትንኟና የመብረቁ ስሕተት ቀላሉ ነው። ከሁሉ የከፋው ፊልም ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይበት መንገድ ነው። አንድ ጠጉሩ የተንጨባረረ ሊቅ አለ። ማንም አይሰማውም። በአንድ ሌሊት ያገኘዋል። ጠዋት ዓለም ይድናል። በ2014 በወጣው ኢንተርስቴላር የተባለ ፊልም ላይ የታየው ጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሕዋ አካል) በፊዚክስ ስሌት ተሠርቶ ስለነበር ከጥሩዎቹ አንዱ ነው፤ የፊልሙ አማካሪ የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራው ኖቤል ተሸልሟል። የእውነተኛው ጥቁር ጉድጓድ ምስል ግን የወጣው በ2019 ነው። መረጃው የተሰበሰበው በ2017 ሚያዝያ በጥቂት ሌሊቶች ሲሆን፣ ከ200 በላይ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ሲያጣሩት፣ ሲከራከሩበትና እርስ በርስ ሲፈታተኑበት ከረሙ። ይህ ሁለት ዓመት ፊልም አይሆንም። ማን ገንዘቡን ከፍሎ ያያል?

ሊቁን ብቻ እያየን ስላደግን ሳይንስ ሐሳቡን ሲለውጥ ያጭበረበረን ይመስለናል። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጭምብል መጀመሪያ ያለውንና ሰኔ ላይ ያለውን አስታውሱ። "ትናንት አታድርጉ፣ ዛሬ አድርጉ፤ ራሳቸውም አያውቁትም" የተባለው ያኔ ነው። መረጃ ሲጨምር ምክር ይለወጣል። እዚህ ላይ የአብነት መምህሩ "አንድም" ደግሞ ይጠቅመናል፤ ሁለተኛው ፍቺ ሲመጣ የመጀመሪያውን የሰጡት መምህር ዋሹ አንልም። ልዩነቱ ሳይንስ ፍቺዎቹን ሁሉ አብሮ አያኖራቸውም። በሙከራ እየፈተነ ይጥላል።

ይህን ስል ያየሁት ብቻ ይበቃል ማለቴም አይደለም። ረዳቱ ስለ መኪናው ልክ ነበር። በዓይን ከሆነ ግን ፀሐይም መሬትን ስትዞር ነው የምናየው።

ባለፈው ዓመት ጮቄ ሥር ስናን ያሉት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ድንች አምራች ናቸው። ማታ በስልኬ ዘ ማርሺያንን አሳየኋቸው፤ ማርስ ላይ ብቻውን የቀረው ሰውዬ ድንች ዘርቶ የሚኖርበትን። መርከቡን ሊጥለው የነበረው ማዕበል ውሸት መሆኑን ላስረዳቸው ተዘጋጅቼ ነበር። የማርስ አየር ግፊቱ ከእኛ 1 በመቶ አይሞላም፤ እንዲያ የሚገፋ ነፋስ የለም። የመጽሐፉ ደራሲ ራሱ ለታሪኩ ብሎ እንዳስገባው ተናግሯል።

እሳቸው ግን ማዕበሉን ቁብም አላሉት።

"ድንቹ አብቅሎ ነበር ወይ?" አሉኝ። "ገና የተቆፈረ ድንች ቢዘሩት አይበቅልም። ሁለት ሦስት ወር ማረፍ አለበት።"

"ይኼንን አላሳዩም።"

"አፈሩስ? የእኛ አፈር እንኳ ኮምጥጦ ኖራ ካልሰጡት እሺ አይልም።"

የማርስ አፈር ፐርክሎሬት የሚባል መርዛማ ጨው እንዳለበት ነገርኳቸው። ስልኩን አስቀምጠው አዩኝ።

"እንዴት አወቁ? ሄደው ቀመሱት?"

በ2008 ፊኒክስ የምትባል መንኮራኩር እዚያ አርፋ፣ አፈሩን በትንሽ አካፋ ዝቃ፣ ዕቃ ውስጥ ጨምራ፣ ውሃ አፍስሳበት፣ በጥብጣ እንደለካችው አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡ።

"የግብርናዋ ባለሙያም የእኔን እንዲያው ነው የበጠበጠችው" አሉ። "በውሃ በጥብጣ ነው ኮምጥጧል ያለችኝ።"

ከዚያ ፊልሙን ካቆምንበት እንድቀጥለው ጠየቁኝ።