"ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ"፦ የምርቃቱ ትርጉምና የደመወዝ ወረቀቱ

ወሎ ውስጥ ምርቃት ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። ቡናው ተፈልቶ፣ እጅ ተዘርግቶ፣ "አሚን" እየተባለ ከሚወርደው ቃል መካከል "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" የሚለው አይቀርም። ለሴት "አያሳጣሽ"፣ ለትልቅ ሰው "አያሳጣዎ" ይባላል። ተቃራኒውም በየቀኑ ይነገራል፤ ሰብሳቢ ያጣ ሽማግሌ "ጧሪ ቀባሪ የሌለው" ይባላል።

አነጋገሩ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ትንፋሽ ያነሳል። ጧሪ ማለት ጉልበት ሲደክም የሚያበላ፣ የሚያለብስ፣ የሚያስታምም ነው። ቀባሪ ደግሞ ገንዞ፣ ተሸክሞ አፈር የሚያለብስ ነው።

"ጦረ" የመጣው ከግእዙ "ጾረ" ነው፤ ተሸከመ ማለት ነው። ግእዝ በጸ ያለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ በጠ ይለዋል፤ ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት እንደሚባለው ሁሉ። "ነፍሰ ጡር"ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። እንግዲህ ጡረታ በቃሉ ሥራ ማቆም አይደለም፤ ሌላው እየተሸከመህ መኖር ነው። "ጥሪት" የሚለው ቃል በጆሮ ቢመስለውም ዘመዱ አይደለም። እሱ የመጣው ከ"አጥረየ" ነው፤ ገንዘብ አደረገ፣ አፈራ ማለት ነው። ጥሪት ራስህ ያፈራኸው ነው፤ ጡረታ ግን ሌላው የሚሸከምህ ነው። ዛሬ በአባትና በልጅ መካከል ስለ ጡረታ መዋጮ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው እነዚህን ሁለት ቃላት ከማምታታት የሚመጣ ነው።

በገበሬው ቤት ጧሪው ልጅ ነበር። አዛውንቱ መሬቱንና በሬዎቹን ይዞ ይቆያል፤ አብሮት ቀርቶ ያረሰለት ልጅ ኋላ ድርሻው ይከበርለታል። ወራሾች ሲጣሉም ሽማግሌ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ማን ጦረው?" ብሎ ነው። ልጅ የጎደለበት በከብት ይተማመናል። ነገር ግን በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ የሆነው ይታወቃል፤ ከብቱ አለቀ፣ ልጁ ተሰደደ ወይም ሞተ፣ ጥሪትም ጧሪም በአንድ ክረምት ጠፉ። "ጡረታ ያለው ሥራ" የሚባለው የመንግሥት ቅጥር ከዚያ በኋላ በወሎ ቤተሰብ ዘንድ ይህን ያህል የተከበረው ዝናብ ቀረም አልቀረም ወር ጠብቆ ስለሚመጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ቆመ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በሕግ ጡረታ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ አሁን የሚሠራበት በ2014 ዓ.ም. የወጣው 1268 ነው። ከ2003 በፊት በብዙ ድርጅት የነበረው ፕሮቪደንት ፈንድ ነው። እሱ በስምህ ይጠራቀማል፣ ስትለቅ በአንድ ጊዜ ይሰጥሃል፤ ይህ በትክክል ጥሪት ነው።

ቀባሪውን በተመለከተ ወሎ ቀድሞ ነው የተዘጋጀው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እዚህ ቅሬ ይሉታል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፣ መዋጮውን ይከፍላል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅሬ ግን የሚመጣው ስትሞት ነው እንጂ ሳትሞት የምትበላውን አይሰጥም። ስለዚህ የምርቃቱ ሁለተኛ ቃል ደኅና ባለቤት አለው፤ የመጀመሪያው ነው የሚያሳስበው።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቱን ያየው እዚያ ነው። ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ በ7 በመቶ 420 ብር ተቆርጦ ያያል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የማያየው፣ አሠሪው በ11 በመቶ የሚጨምረው 660 ብር ነው፤ በድምሩ በወር 1,080 ብር በስሙ ይገባል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲለቅ "ገንዘቤን ስጡኝ" ይላል። ጥያቄው የጥሪት ጥያቄ ነው፤ መዋጮው ግን ጡረታ ነው። የሚያገኘው አበል የሚሰላው በተጠራቀመው ብር ሳይሆን በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ነው። አራቱ ዓመት አልጠፉም፤ ሌላ ድርጅት ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ይደመሩለታል፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዞ ከሄደ። አዲሱ አሠሪ ሁለተኛ ቁጥር ካወጣለት ግን አገልግሎቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ማገናኘቱም በ60 ዓመቱ የሚጠብቀው ጣጣ ይሆናል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው፣ እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት መሥራት ይጠይቃል። 30 ዓመት ያገለገለ 55 በመቶ ይደርሰዋል። ደመወዙ ሁለት ዓመት 8,000፣ በመጨረሻው ዓመት 11,000 ከነበረ አማካዩ 9,000 ነው፤ አበሉም 4,950 ብር። ብዙ ሰው ግን በ11,000 አስቦ 6,050 ይጠብቃል፤ በመጀመሪያው ወር የሚደነግጠውም በዚህ ነው። 9 ዓመት ብቻ ይዞ 60 የደረሰ ወርሃዊ አበል የለውም፤ የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የሚነሣ ሰው ይህችን ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እዚያ የሚሠራው ዓመት መዋጮ አልገባበትምና እዚህ አገልግሎት ሆኖ አይቆጠርም።

ሌላው ቀዳዳ መዋጮው የሚቆረጥበት መሠረት ነው። የሚቆጠረው በመደበኛ ሰዓት የሚሠራበት ወርሃዊ ደመወዝ ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገቡም። ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን "አበል" ብሎ የሚከፍል አሠሪ ሲቀጥርህ በእጅህ የሚገባው ከፍ ይላል፣ ደስም ይላል፤ የሚጦርህ ገንዘብ ግን ያን ጊዜውኑ ቀንሷል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። የሚያዘው በመጀመሪያ ቅጥር ላይ የተመዘገበው ነው፤ ለመቀጠር ሲል በ16 ዓመቱ "18" ያስጻፈ ሁለት ዓመት ቀድሞ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ባል ሲሞት የሚሆነው ነው። ለሚስት የሟቹ አበል ግማሽ ይደርሳታል፤ ግን ጋብቻዋን ማስረዳት አለባት። በወሎ ብዙው ጋብቻ በኒካህ ወይም በሽማግሌ የታሰረ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ስለተጀመረ ከዚያ በፊት የተጋቡት አብዛኞቹ ወረቀት የላቸውም፤ ፍርድ ቤት ምስክር ቆጥረው ነው የሚያስወስኑት። በዚያ ላይ ስሙ አለ። በቅጥር ደብዳቤው "መሐመድ"፣ በመታወቂያው "ሙሀመድ"፣ በጡረታ ፎርሙ "ሞሐመድ" የተባለ አንድ ሰው ለመዝገብ ቤት ሦስት ሰው ነው። "ሰይድ"ና "ሰኢድ"ም እንዲሁ። የቅሬው ዳኛ ስሙን እንዴትም ይጻፉት ሰውዬውን ያውቀዋል፣ ይቀብረዋልም። የጡረታ መሥሪያ ቤት ግን የሚያውቀው ፊደሉን ነው። ባልዮው በሕይወት እያለ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያስተካክለው፣ ሚስት በሐዘን ላይ ሆና ምስክር ይዛ ከምትንከራተትለት እጅግ ይቀላል።