የእጅ ኮንሶል የተኩስ ጨዋታዎችና የጎጃም ተጫዋቾች

በተኳሹ ዓይን የሚታዩ የተኩስ ጨዋታዎች ተጫዋቹን ከገጸ ባሕሪው ጀርባ አያቆሙትም፤ ዓይኑን ራሱን ይሰጡታል። በስክሪኑ ላይ ከአፈሙዙና መሣሪያውን ከያዘው እጅ በቀር የሰውነቱ ክፍል አይታይም። እነዚህ ጨዋታዎች በእጅ ኮንሶል (በእጅ ተይዞ በሚጫወቱበት ትንሽ ማጫወቻ) ላይ ያለፉበት ታሪክ በዋናነት የማነጣጠር ችግር ታሪክ ነው። ተጫዋቹ በግራ አውራ ጣቱ እየተራመደ በቀኙ ማነጣጠር ይፈልጋል፤ ኮንሶሎቹ ለቀኙ ጣት ተገቢውን ቦታ እስኪሰጡት ግን 20 ዓመት ያህል አልፏል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀዳሚዎቹ አንዱ በ1991 ለኒንቴንዶው የእጅ ኮንሶል ለጌም ቦይ የወጣው ፌስቦል 2000 ነው። በ1987 በአታሪ ኤስቲ ኮምፒውተር ላይ ከታየው ሚዲ ሜዝ የተወለደ ሲሆን፣ ፈገግ ያሉ ክብ ፊቶች በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ይተኳኮሱበታል። በ2001 ዱም የተባለው የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ወደ ጌም ቦይ አድቫንስ ሲመጣ 240 በ160 ነጥብ ብቻ ባለው ስክሪን ላይ መሮጡ የሚደነቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው አድቫንስ ስክሪን የራሱ ብርሃን አልነበረውም፤ በጨለማ ክፍሎች የተሞላውን ጨዋታ ለማየት መስኮት ወይም አምፖል መፈለግ ግድ ነበር። የጭራቆቹም ደም በዚህ እትም ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል።

በ2006 ሜትሮይድ ፕራይም ሃንተርስ የተባለው ጨዋታ በኒንቴንዶ ዲኤስ ላይ ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ተጫዋቹ በብዕር መሰል ዘንግ ስክሪኑን እየነካ ያነጣጥራል። ዒላማው በትክክል ይያዛል፤ ሆኖም የኮንሶሉን ክብደት የሚሸከመው ግራ እጅ ብቻውን ስለሆነ ቶሎ ይዝላል። የሶኒው የእጅ ኮንሶል ፒኤስፒ ግን በአውራ ጣት የሚገፋ የማዘዣ ዘንግ የነበረው አንድ ብቻ ነው። እንደ ኮድድ አርምስ (2005) ያሉ ጨዋታዎች ማነጣጠሩን በቀኝ በኩል ላሉት አራት ቁልፎች ሰጡት፤ ይህም በአንድ በሬ እንደ ማረስ ነው። ጥማዱ የተሟላው በ2011 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ በቀረበው የፒኤስፒ ተተኪ በፒኤስ ቪታ ሲሆን፣ በ2013 የወጣው ኪልዞን መርሰነሪ ሁለቱን ዘንጎች አሳምሮ ተጠቅሞባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ኒንቴንዶ ስዊች (2017) ኮንሶሉን ራሱን በማዘንበል ማነጣጠርንም ያስችላል።

በጎጃም ከተሞች፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ጌም ቤት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ፕሌይስቴሽንና የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። የእጅ ኮንሶል ውድ ነው፤ የሚገኘውም በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ነው። ስለዚህ የፒኤስፒ ጨዋታዎች ወደ ብዙ ወጣቶች የደረሱት በስልክ ነው። በ2012 ለሕዝብ የቀረበው ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ፕሮግራም የአንድሮይድ ስልክን እንደ ፒኤስፒ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ጨዋታው ከስልክ ወደ ስልክ በሚሞሪ ካርድ ይተላለፋል። የፈቃድ ጉዳይ የሚነሳበት አሠራር ቢሆንም፣ ለአንድ ጨዋታ ሙሉ ዋጋ መክፈል ለማይችል ተማሪ ሌላው በር ዝግ ነው። ያ አሮጌ የማነጣጠር ችግርም አብሮ መጥቷል፤ ቁልፎቹ በመስታወቱ ላይ የተሳሉ ስለሆኑ አውራ ጣት ጠላትን ይሸፍናል።

እነዚህ በካርድ የሚተላለፉ ጨዋታዎች ያለ ኔትወርክ መሥራታቸው እዚህ ትልቅ ዋጋ አለው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ ሲግናል ቢያጣም ጨዋታው አይቆምበትም። በ2023 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እንደ ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል (2019) ያሉት በኔትወርክ የሚኖሩ ጨዋታዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ በካርድ ላይ ያሉት ግን ቀጠሉ።

የእውነት ተኩስ በሚሰማበት አገር ልጅ ጠመንጃ ይዞ የሚሮጥበትን ስክሪን ማየት ወላጅን ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱም ተገቢ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ለአዋቂዎች የተሠሩ ሲሆኑ የዕድሜ ገደቡ የሚታተመው በማሸጊያው ሣጥን ላይ ነው። በሚሞሪ ካርድ የሚገለበጠው ጨዋታ ሣጥን ስለሌለው፣ የጎጃም ወላጅ ያንን ምልክት የሚያይበት አጋጣሚ እምብዛም ነው።