«ሶሻል ስለሆንኩ ካልኩለስ አይመለከተኝም» እና ሌሎች የፍሬሽማን ወሬዎች

ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሞጁሉን ከማየቱ በፊት ወሬውን ይሰማል። «ሒሳቡ ይጥላል»፣ «አፕላይድ ዋንን (የኢንጂነሪንጉን ሒሳብ) ካለፍክ ተመርቀሃል በለው»፣ «ሲኒየሮቹ ጋ ሾርት ኖት አለ፣ እሷ ትበቃለች»። ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ስንፍናን ማባበያ። ፍሬሽማኖችን ሒሳብ ሳስጠና ተደጋግመው የሚመጡብኝን ወሬዎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሶሻል ገብቻለሁ፣ ከካልኩለስ ተገላገልኩ»

እውነታው የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ የጋራ ሞጁሎች ተዘጋጅተዋል። ሒሳቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለናቹራል ሳይንስ፣ አንዱ ለሶሻል ሳይንስ። ሁለቱም በሎጂክና በሴት ይጀምሩና ከዚያ መንገዳቸው ይለያያል። የናቹራሉ ወደ ሪል እና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ወደ ፋንክሽን፣ ቀጥሎም ወደ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይሄዳል። የሶሻሉ ፋንክሽንን ይይዛል፣ ማትሪክስን ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያው የተፈራው ነገር ይመጣል፤ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ (አንዱ ሲጨምር ሌላው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ)፣ ኢንቴግራል (ጥቃቅን ለውጦችን መደመር)። እንግዲህ በዚህች የመጀመሪያ ኮርስ ካልኩለስ የሚጠብቀው «ሶሻል ነኝ» ያለውን ልጅ ነው! ናቹራሎቹ እንደየምርጫቸው በኋላ በሚወስዷቸው ኮርሶች ላይ ያገኙታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ የሚሸፈነው ሁሌም የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ሶሻሎች፣ ያንን ምዕራፍ ቀደም ብላችሁ ክፈቱት።

«ለኢኮኖሚክስና ለአካውንቲንግ ሒሳብ ማሟያ ነው እንጂ ምን ይሠራል?»

አንድ ዳቦ ቤት አስቡ። የቀን ወጪው በሦስት ይከፈላል እንበል። 500 ብር ቋሚ ወጪ አለ። ለእያንዳንዱ ዳቦ 4 ብር ይወጣል። በዚያ ላይ ብዛቱ ሲጨምር ምድጃውም ሠራተኛውም ስለሚጨናነቅ ሌላ ወጪ ይመጣል፤ እሱም የዳቦው ብዛት በራሱ ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል የሚገኘው ነው። 100 ዳቦ ሲጋገር 500 እና 400 እና 100፣ ድምሩ 1000 ብር። አንዱ ዳቦ በአማካይ 10 ብር ፈጀ ማለት ነው።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ «አንድ ጨምሩልኝ፣ በ8 ብር እወስዳለሁ» ቢልስ? አማካዩን ብቻ ያየ ባለቤት «ልታከስረኝ ነው እንዴ!» ብሎ ይመልሰዋል። ግን 101 ዳቦ ለመጋገር የሚወጣው 1006 ብር ከ1 ሳንቲም ነው፤ ያቺ አንዷ ዳቦ የጨመረችው 6 ብር ከ1 ሳንቲም ብቻ። በ8 ብር ቢሸጣት ወደ 2 ብር ያተርፋል። የወጪውን ዴሪቬቲቭ ወስዳችሁ በ100 ብታሰሉት ደግሞ በአንድ መስመር 6 ይወጣላችኋል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ማርጂናል ኮስት እያሉ የሚያስጨንቋችሁ ይሄው ነው። (ሁሉንም ዳቦ በ8 ብር ሽጡ አላልኩም፤ ያኔማ ቋሚው ወጪ ጉድ ይሠራችኋል።)

«ካልኩለስ አልገባኝ አለ»

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ራሱን የሚያማው ያላግባብ ነው። ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ስህተቱን መስመር በመስመር እፈልጋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዴሪቬቲቩ ትክክል ነው። ደንቡን ያውቁታል። የሚወድቁት ከዚያ በኋላ ባለችው ማቃለል ላይ ነው፤ ማለትም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ።

ለምሳሌ (3 + 4)² ስንት ነው? 49፣ ማንም አይስተውም። ነገር ግን በቁጥሮቹ ቦታ ፊደል ሲገባ ያው ልጅ ስኩዌሩን ለሁለቱ ያድልና ይደምራል። በቁጥር ሲታይ 9 እና 16 ደምሮ 25 እንደማለት ነው። ሩትም ላይ እንዲሁ፤ √(9 + 16) መልሱ 5 ነው፣ ለየብቻ ሩት አውጥቶ የደመረ ግን 7 ያገኛል። ክፍልፋይማ አይነሳ፤ ግማሽ ሲደመር ሲሶ 2/5 የሚል መልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አለ። መልሱ 5/6 ነው፣ ለነገሩ 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ተደምሮበት እንዴት አነሰ?

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ስለ ካልኩለስ መቶ ቪዲዮ ቢያይ አይጠቅመውም። የ9ኛ ክፍል መጽሐፉን ይክፈት። ማፈር አያስፈልግም፣ ዶርም ውስጥ ሌሊት ደብቆም ቢሆን ይሥራው። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ደግሞ ትሪጎኖሜትሪና ሎጋሪዝም ይጨምርበት።

«ሊሚት ማለት ቁጥሩን ተክቶ ማስላት ነው»

አንዳንዴ ያዋጣል፣ ለዚህም ነው ውሸትነቱ ቶሎ የማይታወቀው። አንድ ቁጥር ውሰዱ። በራሱ አባዙት፣ 9 ቀንሱለት። ያገኛችሁትን ደግሞ ከቁጥሩ 3 ተቀንሶ ለሚቀረው አካፍሉት። በ3 ብትሞክሩት ዜሮ ለዜሮ ይመጣና ጉዳዩ ያበቃል። በ2.99 ሞክሩት፤ 5.99 ይሆናል። በ3.01 ሞክሩት፤ 6.01። ከሁለቱም ወገን ወደ 6 እየተጠጋ ነው። ሊሚት የሚጠይቀው 3 ላይ ስንደርስ ምን አለ ብሎ ሳይሆን ወደ 3 ስንጠጋ ወዴት እያመራን ነው ብሎ ነው።

ይሄ ሐሳብ ቶሎ ካልገባችሁ አትደንግጡ። ላይብኒዝ ስለ ካልኩለስ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1684 ነው፣ ኒውተን ደግሞ ከዚያም በፊት በራሱ መንገድ ይሠራበት ነበር። ሊሚትን መሠረት አድርጎ ነገሩን ሥርዓት ያስያዘው የፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ የኮሺ መጽሐፍ ግን የወጣው በ1821 ነው፤ ከዚያም በኋላ ዛሬ የምንማረው ጥብቅ ትርጉም እስኪመጣ ጀርመናዊው ቫየርሽትራስ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። እነሱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀባቸውን እናንተ በሁለት ሳምንት ሌክቸር ነው የምትማሩት።

«ካልኩለስ ያው ካልኩለስ ነው፣ የጓደኛዬ ደብተር ይበቃኛል»

ጓደኛህ ምን እያጠና ነው? ማትስ ዲፓርትመንት ከሆነ የሚጠየቀው «ለምን?» ነው፤ ቲዎረሙን ያረጋግጣል፣ የሊሚት ጥብቅ ትርጉም ከሚጻፍባቸው ከኤፕሲሎንና ከዴልታ ጋር ይታገላል። ኢንጂነሪንግ ከሆነ አፕላይድ ዋን ቬክተርና ማትሪክስን ከካልኩለስ ጋር ደባልቆ ይሰጠዋል፣ አፕላይድ ቱ ወደ ሲሪስና ብዙ ተለዋዋጭ ወዳላቸው ፋንክሽኖች ይወስደዋል፣ አፕላይድ ስሪ ላይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይጠብቀዋል። እሱ የሚመዘነው አስልቶ መልሱ ላይ በመድረስ ነው። የሶሻሉ ልጅ ደግሞ የሚመዘነው ወጪና ገቢን ወደ ሒሳብ አዙሮ በማንበብ ነው። አርዕስቱ ቢመሳሰልም ፈተናው አይመሳሰልም። በማትስ ልጅ ደብተር ለአፕላይድ ያጠና ሰው ማረጋገጫ ሸምድዶ ስሌት ላይ ይወድቃል፤ የኢንጂነሩን ደብተር የያዘ የማትስ ተማሪ ደግሞ መልሱን ያገኝና «አረጋግጥ» ሲባል ባዶ ወረቀት ይሰጣል።

«ሜዲስን ለሚገባ ሰው ሒሳብ ምን ያደርግለታል?»

500 ሚሊግራም መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገባ እንበል፣ በየ6 ሰዓቱ ግማሹ የሚወጣ። ከ12 ሰዓት በኋላ ስንት ይቀራል? «በ6 ሰዓት ግማሹ ከወጣ በ12 ያልቃል» የሚል ሰው ሞልቷል። አያልቅም፤ 125 ሚሊግራም ገና አለ። በ24 ሰዓትም 31.25 ይቀራል። ቀጣዩ መጠን መቼ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ እዚህ ኤክስፖነንሻል ፋንክሽን (በእኩል ጊዜ በእኩል እጅ የሚቀንስ ወይም የሚጨምር) ላይ ነው የተንጠለጠለው።

«ለኮምፒውተር ሳይንስ ካልኩለስ አያስፈልግም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው፣ ልካድ አልልም። ዌብሳይት ብቻ የሚሠራ ልጅ ዓመት ሙሉ ዴሪቬቲቭ ሳይነካ ሊኖር ይችላል፤ እሱን በብዛት የሚያገለግለው ያ «ለምንድነው የምንማረው?» የሚባልለት የሎጂክና የሴት ምዕራፍ ነው። ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) ውስጥ እገባለሁ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞዴሉ የሚማረው ስህተቱ በየት በኩል እንደሚቀንስ ዴሪቬቲቭ እያሰላ ነው።

«ሒሳብ ጭንቅላት ነው፣ እኔ አልተፈጠርኩለትም»

የቀለሜዎቹን ወረቀት ስታዩ ሦስት ጊዜ የተሰረዘና እንደገና የተሠራ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።

«ዎርክሺቱን ከነመልሱ አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል»

የሌላ ሰው ሥራ ሲነበብ ሁሌም ይገባል። መልሱን ሸፍናችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ጀምሩት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ከቆማችሁ አልገባችሁም።

«ያለፉት ዓመታት ፋይናሎች ይበቃሉ»

ለመለማመድ ጥሩ ናቸው፣ ጥያቄዎቹ ይደገማሉ ብሎ መተኛት ግን ቁማር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሞጁሉን አንድ ጊዜ ጨርሳችሁ አንዱን ፋይናል አውጡ፣ ስልክ አጥፉ፣ ሰዓት ያዙ፣ መልስ ሳታዩ ሥሩ። የቀራችሁን ጥያቄ መልስ ከመፈለግ ይልቅ የመጣበትን ክፍል ከሞጁሉ አውጥታችሁ ከሥሩ ያሉትን መልመጃዎች ሥሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ቀጣዩ ፋይናል።