በሌዘር የታተመ አሉሚኒየም፦ የሙቀት ሕክምና በቶርኖና በፍሬዛ ሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በሌዘር ከሚታተሙ የአሉሚኒየም ቅይጦች መካከል በስፋት የሚሠራበት ከ9 እስከ 11 በመቶ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዥየም የያዘው ኤኤልኤስአይ10ኤምጂ ነው። የቅይጡ ብናኝ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ማይክሮሜትር ውፍረት እየተነጠፈ በሌዘር ይቀልጣል፤ የሚወጣው ገጽ ግን ሻካራ ስለሆነ የኩሽኔታ መቀመጫዎችና የብሎን ጥርሶች በቶርኖ (ዕቃውን እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን) ወይም በፍሬዛ (ስለቱ እየተሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን) መስተካከላቸው አይቀርም።

የቀለጠው ብረት እጅግ በፍጥነት ስለሚረጋ፣ ሲሊከኑ ከአንድ ማይክሮሜትር የሚያንሱትን የአሉሚኒየም ህዋሶች (ጥቃቅን ክፍልፋዮች) እንደ መረብ ይከባቸዋል። የሙቀት ሕክምና ያላገኘ፣ ማለትም ጠባዩን ለመለወጥ ምድጃ ያልገባ ዕቃ በቪከርስ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) 120 ገደማ ጥንካሬ የሚያገኘው በዋናነት ከዚህ መረብ ሲሆን፣ ሲቆረጥም ፍቅፋቂው (ከዕቃው ተልጦ የሚወጣው ቁራጭ) አጠር ብሎ ይሰበራል፣ ገጹም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ዕቃው በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ2 ሰዓት ሲቆይ መረቡ ተበጣጥሶ ወደ ጥቃቅን የሲሊከን ቅንጣቶች ይለወጣል፣ ብረቱም በግልጽ ይለሰልሳል። ለስላሳ ብረት ለመቁረጥ ይቀላል የሚለው ግምት ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የመቁረጫው ኃይል ቢቀንስም አሉሚኒየሙ በስለቱ አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ፍቅፋቂው ይረዝማል፣ በዕቃው ጠርዝ ላይም ስለታም ትርፍ ይቀራል። ያም ሆኖ ይህን ደረጃ መዝለል ተገቢ አይደለም፤ በኅትመት ጊዜ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ሳይለቀቅ ዕቃው ከማተሚያ ሰሌዳው ከተነሣ ይጣመማል፣ በተለይ ስስ ግድግዳ ያለው ልኩን ይስታል።

ቲ6 በተባለው ሕክምና ዕቃው ከ520 እስከ 540 ዲግሪ ሞቆ በውኃ ድንገት ይቀዘቅዝና፣ በ160 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። ማግኒዥየምና ሲሊከን በብረቱ ውስጥ የሚፈጥሩት ረቂቅ ዝቃጭ (ደቃቅ ቅንጣቶች) የጠፋውን ጥንካሬ በከፊል ይመልሳል፤ የሲሊከን ቅንጣቶቹ ግን እስከ ጥቂት ማይክሮሜትር አድገው ስለቱን እንደ አሸዋ ይፍቃሉ። ድንገተኛው ቅዝቃዜም ቅርጹን ስለሚያዛባ የመጨረሻው ልኬት ከሕክምናው በኋላ እንዲቆረጥ ትርፍ ውፍረት መተው ያስፈልጋል። ከ520 እስከ 540 ዲግሪ የማሞቁን (የማሟሟቱን) ደረጃ ትቶ በ160 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ማቆየት (ቲ5) መረቡን ስለሚጠብቅ ለፍሬዛ ሥራ ይስማማል፣ ነገር ግን ውጥረቱን የሚያስወግደው በከፊል ብቻ ነው።

ለዚህ ቅይጥ ስለታም፣ ፊቱ የተወለወለና ሽፋን የሌለው የካርባይድ (እጅግ ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ወይም የአልማዝ መቁረጫ ይመረጣል። ከቲ6 በኋላ የሚቆረጥ፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ እንዳያፈስ የሚያሽግ ገጽ ደግሞ በጥንቃቄ መመርመር አለበት፤ በከፍተኛው ሙቀት የሰፉ የጋዝ ቀዳዳዎች የሚገለጡት ስለቱ ሲያልፍባቸው ነው።