ፍርሃት መንዛት ምንድን ነው? ውሸት ማውራት አይደለም

ሰሞኑን ሐዋሳ ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ በባጃጅ ስወርድ አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ስለ ዘረፋ ያወራል። «የተናገርነው እውነት ነው። እውነት ደግሞ ፍርሃት መንዛት አይባልም» አለ ረገጥ አድርጎ። ይህን አባባል ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ሚዲያ ሳስተምር ተማሪዎቼ ፈተና ላይ የሚጽፉልኝም ይህንኑ ነው።

ውሸት ሌላ ጉዳይ ነው። ለሐሰተኛ መረጃማ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለለት። ፍርሃት መንዛት ግን አንዲት ውሸት ሳትገባበትም ይሠራል።

ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ አለ። እውነት ነው። አንዱ ጀልባ ቀዛፊ «ሲመሽ በዚህ በኩል ይወጣል፤ በዚያ እንዙር» ይላችኋል። አመስግናችሁ ትዞራላችሁ። ሌላው «ጉማሬ! ጉማሬ!» እያለ ይጮኻል። የት? ዝም። በስንት ሜትር? ዝም። «እነዚያ ናቸው የቀሰቀሱት» ብሎ በጎረቤት ጀልባ ያሉትን ይጠቁማል። ከዚያ «ከእኔ ጀልባ ሌላ የሚያድናችሁ የለም» ይላል፤ ሒሳቡም እጥፍ ይሆናል። ጉማሬው አሁንም እውነት ነው! የተደበቀው ርቀቱና መውጫው ነው። ተንታኙ ያልገባው ይቺ ናት፤ ወይም ገብታዋለች።

ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብር፣ ጠላቱን ከምንም አልፈጠረውም። ኢሕአፓ ከተማ ውስጥ መሣሪያ አንስቶ ነበር፤ መንግሥቱም ራሱ ከወራት በፊት ተተኩሶበት ቆስሏል። ጉማሬው ነበር። ጠርሙሱ ግን ርቀቱን አላሳየም። ጎረቤትህን ጠርጥር ነው ያለው፤ ከዚያ የሆነውን እናውቃለን።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1964 የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የምርጫ ዘመቻ አንድ ማስታወቂያ ሠራ። ሕፃን ልጅ አበባ እየነጨች ትቆጥራለች፤ የወንድ ድምፅ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ኑክሌር ይፈነዳል። የተፎካካሪው የባሪ ጎልድዋተር ስም አልተነሳም። በማስታወቂያነት የተላለፈውም አንዴ ብቻ ነው። እስቲ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዲያ ተመራማሪውን ጆርጅ ገርብነርን ይጠቅሳሉ። ቴሌቪዥን የሚያበዛ ሰው ዓለም ከሆነችው በላይ አስፈሪ ትመስለዋለች ይላል። እኔም እጠቅሰዋለሁ፤ ግን ቀስ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የቶሮንቶ ጥናት የሰፈሩን ወንጀል ከግምት ሲያስገባ የቴሌቪዥንና የፍርሃት ግንኙነት በአብዛኛው ጠፍቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ሰውየው እባቡን ሰፈሩ ውስጥ አይቶት ሊሆን ይችላል።

የተገላቢጦሹም ያናድደኛል። ባለሥልጣን ያልጣመውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ «ሽብር ነዙ» ሲል ማለቴ ነው። አፍህን ዝጋ የተባለው እኮ የመጀመሪያው ቀዛፊ ነው።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ባለባጃጁ «ከአሁን በኋላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፌ አልሠራም» አለኝ።

«የት ሰፈር ነው የተዘረፈው ወንድሜ?»

«እሱን እንኳ አልነገረንም» አለ መልስ እየቆጠረልኝ፣ «ብቻ ያስፈራል።»